አባባን ማን ሊወስዳቸው ነው?

ጥቅምት 4

ለጋሼ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። አልልም። ከናፍቆትህ ሌላ ደህና ያልሆንኩበት ነገር ሞልቷል፤ በየተራው ይመጣል።

መጀመሪያ ለጠየቅከኝ ልመልስ። አዎ፣ ስልኬ አሁንም እማዬ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ተቆልፎበት፣ ጥፋተኛ መስሎ ተኝቷል። ትምህርት ቤት የማረፍደው ፊልም ሳይ አምሽቼ ነው ብላ ፈርዳለች። እማዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሆኗን ታውቃለህ፤ ቤት ስትገባ ግን ዳኛም፣ ዐቃቤ ሕግም፣ ወኅኒ ጠባቂም ትሆናለች። ስለዚህ እንደ ጥንት ሰው በእስክሪብቶ እጽፍልሃለሁ። አንተም በደብዳቤ መልስልኝ እንጂ ቤት ስልክ ላይ እንዳትደውል። ምክንያቱ ይኸው፦

እሁድ ከሰዓት አክስቴ መጣች። እህትህ እንዴት እንደምታንሾካሹክ አትረሳም መቼም፤ የእሷ ሹክሹክታ የሌላ ሰው እሪታ ነው። እማዬን ይዛ ማድ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። የተዘጋ በር ለእኔ የጥሪ ወረቀት ነው። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ ጫማ መጥረግ ጀመርኩ። (በፈቃዴ ጫማ ስጠርግ ያየኝ ሰው ቢኖር ያኔውኑ ይጠረጥረኝ ነበር።) የሰማሁትን ቃል በቃል አስቀምጥልሃለሁ።

«ኅዳር ሳያልቅ መውሰድ ነው። በቆየ ቁጥር ይብሳል» አለች አክስቴ።

«ልጅቷስ?» አለች እማዬ።

«ልጅቷ ምን አገባት? ከሄዱ በኋላ ትሰማለች።»

ከዚያ እማዬ ቧንቧውን ከፈተችውና የቀረውን ወሬ ውሃ ወሰደው።

እኛ ቤት በአንቱታ «ሄዱ» የሚባሉ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ጋሼ፣ አባባን ሊወስዷቸው ነው! እማዬ ሥራ ስትውል እኔን ያሳደጉኝን አያቴን! ወዴት? ማን? እኔስ ከዚያ በኋላ ከእማዬ ጋር ብቻዬን፣ ጠዋትና ማታ ቃሌን እየሰጠሁ ልኖር ነው?

አባባን ራሳቸውን በዘዴ ሞከርኳቸው። «አባባ፣ ድንገት ሰው መጥቶ እንሂድ ቢልዎት ምን ይላሉ?» ስላቸው ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ዓይኔን አዩኝና፣ «ማነው የላከሽ?» አሉኝ። ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ሲቀድዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊልሙ ሲጀመር ያረፈደውን በባትሪ እየመሩ ያስቀምጣሉ፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የመውጫውን በር ሊከፍቱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ያለፈ ያገደመውን ፊልም ሁሉ ያዩት መሃሉን ብቻ ነው። መሃል ላይ ደግሞ የማይጠረጠር ሰው የለም። ዳቦ ሻጩ አንድ ቀን ፈገግ ቢልላቸው ሳምንት ሙሉ «ይህ ሰው ምን አስቦ ነው?» ሲሉ ከረሙ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ነው የሚደግሙት።

አንተ እነዚያን ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ስትቆርጥና ስትቀጥል የምትኖር ሰው ነህ። ሕጋቸውን አስተምረኝ። አባባን ሊወስድ ያሰበውን ሳይወስድ እይዘዋለሁ።

ያንተው ቆቅ


ጥቅምት 13

ለቆቅ፣

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ፣ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጓደኞቼ «ምን ያስቅሃል?» ቢሉኝ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። የእኛ ሙያ ሰው እርስ በርሱ አይተማመንም።

እሺ፣ ሕጉን ልንገርሽ። መጀመሪያ የተጠረጠረ ሰው መቼም ጥፋተኛ ሆኖ አያውቅም፤ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ገና ሰው ሳይቀመጥ ያልቅና እኔም ሥራ እፈታ ነበር። ስለዚህ እህቴን ተያት። አፏ ነው እንጂ ልቧ ሌላ ነው። ጨለማ ውስጥ የሚያስፈራ ሙዚቃ ከሰማሽ ድመት ናት፤ ሙዚቃው ዝም ሲል ነው መፍራት። ደግሞ ይህን አጥብቀሽ ያዢ፦ ጥፋተኛ ሰው የሚጋለጠው ማንም ያልነገረውን ነገር ዐውቆ ሲገኝ ነው። አፉ ያመልጠዋል። ሁልጊዜ ያመልጠዋል።

እኔ ብሆን ዓይኔን የምጥለው ጓሮ ያለው ተከራያችሁ ላይ ነው። ጭምት ነው፤ በሄደ በመጣ ቁጥር ሰላም ይላል፤ ያቺን ጥቁር ቦርሳ ከእጁ አይለያትም። እንዲህ ዓይነቱን ሰው በነጻ አንለቀውም።

መርማሪ ግን ከመጠርጠሩ በፊት ይጠይቃል። ጥያቄዎቼን በሌላ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ አያይዣለሁ። አንብቢና ቅደጂው። ለእናትሽም ለአክስትሽም ትንፍሽ እንዳትዪ። መልሱን ሳታሳጥሪ፣ ከነቀኑ ጻፊልኝ።

አባባን ሳሚልኝ። እኔ ነኝ ግን አትበያቸው፤ ይጠረጥራሉ።

ጋሼ


ጥቅምት 21

ለጋሼ፣

ብጣሿን ወረቀት ቀድጄ ግማሹን ውጫለሁ። ቀለሙ ይመራል።

በሩን በተመለከተ፦ አዎ፣ የውጭውን በር አሁንም የሚቆልፉት አባባ ናቸው። እንዲያውም ባለፈው ሳምንት እኛን ውጭ ትተው ቆለፉና ቁልፉን የት እንዳኖሩት ጠፋቸው። የተከበረችው የፍርድ ቤት ጸሐፊ በመስኮት ገባች። ግማሽ አካሏ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ «እንዳትስቂ!» አለችኝ። ቁልፉ የተገኘው ስኳር ዕቃ ውስጥ ነው። ይኼ እኮ ብልህነት ነው፤ ሌባ ስኳር ውስጥ ቁልፍ ይፈልጋል እንዴ?

ምድጃውን በተመለከተ፦ ይህን ከአንተ በቀር ነፍስ አያውቅም። ማንቆርቆሪያ ጥደው ረሱት። ውሃው አልቆ፣ ቂጡ ጠቁሮ፣ ቀዳዳ አወጣ። እማዬ ሳትመጣ ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩት። በፊልም ሬሳ ይቀበራል፣ እኛ ቤት ማንቆርቆሪያ። እማዬ «የት ሄደ?» ብላ ስትጠይቅ «አክስቴ ተውሳው ይሆናል» አልኳት። አክስቴ ተውሳ መልሳ ስለማታውቅ ወዲያው አመነችኝ።

ስሜን በተመለከተ፦ አዎ፣ አንዳንዴ በእማዬ ስም ይጠሩኛል። ታዲያ ምን ይደንቃል? እማዬ ራሷ እኔን ስትጣራ መጀመሪያ አክስቴን፣ ቀጥላ ድመቷን ጠርታ ነው እኔ ጋ የምትደርሰው። በስም ስህተት ሰው የሚወሰድ ከሆነ እማዬ ትቅደም።

አሁን ወደ ተከራዩ። ድመት ጠፋችብኝ ብዬ ክፍሉ ገባሁ። ድመቷ ብብቴ ውስጥ ነበረች፤ ግን ሰውየው የለም። ቦርሳዋ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ከፈትኳት። ጋሼ፣ ጥርስ! ሙሉ ረድፍ ጥርስ ከነድዱ ሳቀብኝ። ጮኼ ዞር ስል ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል። «ጥርስ ፈልገሽ ነው? ያንቺስ ገና ነው» አለኝ። ለሐኪም ቤት ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያበጅ ሰው ነው ለካ። ድመቷ ከብብቴ ሾልካ አጋለጠችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያየኝ አፉን ሸፍኖ ይስቃል።

ስለዚህ ተከራይህ ንጹሕ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጠርጥሪው ያልከኝ ተከራዩን ነው፤ የላክልኝ ጥያቄ ሁሉ ግን ስለ አባባ ነው። ስለ ቦርሳዋ አንድም አልጠየቅክም። ለምን?

ቆቅ


ኅዳር 1

ለቆቅ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ሥራ በዛብኝ። የምንሠራው ፊልም ውስጥ አንድ ሰው ስልክ ያነሳል፤ ማን እንደደወለለት ተመልካቹ ማየት የለበትም። ያንን ለማስተካከል ሳምንት ፈጀብኝ።

ለምን ስለ አባባ ብቻ ጠየቅክ ላልሽኝ፦ በእኛ ፊልሞች ከወንጀለኛው በፊት የሚጠናው ሊጠቃ የታሰበው ሰው ነው። ምን ይወዳል፣ በየት ይወጣል፣ በየት ይገባል፣ ምን ይረሳል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

የተከራዩን ነገር ሳነብ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ግን ሌላ ክፍል እንዳትገቢ። ብቻዬን ገብቼ ልይ የምትል ልጅ በእኛ ፊልም መጨረሻውን አታይም።

ሁለተኛዋን ብጣሽ አያይዣለሁ። ከሁሉ ይበልጥ የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትዘያት።

ጋሼ

እናትሽ እንዴት ናት? ሳትጽፊልኝ ቀረሽ። እንቅልፍ ትተኛለች?


ኅዳር 7

ለምወድህና ለማከብርህ ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ሁላችን በጣም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ትተኛለች መሰለኝ፤ እኔ ተኝቼ የተኛችውን አላይም።

የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትዘያት ስላልክ ከእሷ ልጀምር። አዎ። አንድ ቀን ብቻቸውን ወጥተዋል። ማክሰኞ ዕለት ነው። እማዬ አታውቅም፤ አክስቴም አታውቅም። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘኋቸው አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። የአውቶቡሱ በር ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ተሳፋሪውን «ትኬትዎን ያሳዩኝ» ይሉት ነበር። ሰዉም እያወጣ ያሳያቸዋል። ሹፌሩ ዝም ብሎ ያያቸዋል። እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት መለስኳቸው።

ይህን የነገርኩት ላንተ ብቻ ነው። አደራ።

አክባሪህ፣ የእህትህ ልጅ


ኅዳር 15

ይድረስ ለተጠርጣሪው፣

ሰላምታ የለም።

መናኸሪያ የሚባል ነገር አልነበረም። አባባ ማክሰኞ ዕለት ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም፤ ጋዜጣ ላይ ያለውን የአየር ትንበያ ሲጠረጥሩ ዋሉ። ታሪኩን ከራሴ ነው የፈጠርኩት። ለምን መሰለህ? ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ አክስቴ ስጦታ ይዛ መጣች። ማንቆርቆሪያ! በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ውሃው ሲፈላ በራሱ የሚጠፋ። «ይኼ ደግ ነው፣ ቢረሱትም አያቃጥልም» አለች፤ አለችና ምላሷን ነከሰች። እማዬ አቀርቅራ ድንች መላጧን ቀጠለች። ማንም አልገረመውም። ማንቆርቆሪያው መቃጠሉን የምናውቀው እኔ፣ አንተና ጓሮው ነን። ጓሮው አፍ የለውም።

ያኔ ያስተማርከኝ ሕግ ትዝ አለኝ፤ ማንም ያልነገረውን የሚያውቅ ሰው። ግን ደግሞ ልቤ እምቢ አለ። ጋሼ እንዲህ አያደርግም አልኩ። ስለዚህ የሌለ ነገር ፈጥሬ ላንተ ብቻ ላክሁ፣ ማን ይዞት እንደሚመጣ ልይ ብዬ። ትናንት አክስቴ መጣች። ባዶ ሻንጣ ይዛ ነው የመጣችው። በሩ ላይ እንደቆመች እማዬን አቅፋ «አውቶቡስ ላይ ቆመው ትኬት ሲጠይቁ… አባቴን!» ብላ አለቀሰች። ዕንባዋ እውነተኛ ነበር። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ለካ ስልኩን የሚያነሳው፣ እኛ የማናየው ሰው አንተ ነህ። ጥያቄዎችህ የምርመራ አልነበሩም፤ በአባባ ላይ ማስረጃ ስታሰባስብ ነበር። እኔ ደግሞ መርማሪ ነኝ ብዬ ደረቴን ስነፋ ምስክር አድርገህ አቆምከኝ። በገዛ አያቴ ላይ! አንድ ሕግ ሆን ብለህ ዘለልክብኝ፤ መርማሪዋን አብዝቶ የሚረዳት ደግ ሰው ራሱ ነው ጥፋተኛው። ለምን እንደዘለልከው አሁን ገባኝ።

እሺ፣ አንተን ያዝኩ። ግን አሁን ምን ላድርግ? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እኔ በቀደድኩት አክስቴ ገባች። ወሩ እስኪያልቅ አንጠብቅም፣ በሚመጣው እሁድ ይሄዳሉ ብላ ሸሚዞቻቸውን እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ከትታለች። አባባ ሸሚዞቻቸውን ፈልገው አጥተው ተከራዩን ሌባ ብለውታል። ሰውየው ምስኪን «እኔ ጥርስ ብቻ ነው የምይዘው» እያለ ይምላል።

ለእማዬ ውሸት ነው ብዬ ነገርኳት። ፀጉሬን ዳበሰችኝ። እማዬ ፀጉር ስትዳብስ አላመነችም ማለት ነው።

አንተ ደውልላቸው። ውሸቱ የእኔ ነው በላቸው። አስቁማቸው።

ስሜን አልጽፍም


ኅዳር 19

ለቆቅ፣

ይህን በሰው እጅ የላክሁት እሁድ ሳይደርስ እንዲደርስሽ ነው። የእሁዱ ቀርቷል። እህቴን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ እኔ ሳልመጣ አንድም ሸሚዝ ከቤት እንዳይወጣ አስምያታለሁ።

ጥፋተኛ ነኝ። የምትዪው ሁሉ እውነት ነው። እኔ የምኖርበት ከተማ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አለ፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው፤ በየበሩ ላይ ስም ተጽፏል። እህቶቼ «ሩቅ ሆነህ አይገባህም፣ ብሶባቸዋል» ይሉኛል። እናትሽ በስልክ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ አባቴ እንደዚያ ሆነ ማለትን ከማንም አፍ መስማት አልፈለግኩም። ከአንቺ አፍ ቢመጣ ግን ስለምትቀልጂበት ይቀለኛል ብዬ አሰብኩ። ነውር ነው። ይቅርታሽን የምለምነው እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ የሚገባሽ ስለሆነ ነው።

መናኸሪያው ፈጠራ መሆኑን ስነግራት ግን አክስትሽ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ልጅቷ አሁን ነው የምትዋሸው፣ ልታድናቸው» አለች። እኔም ቆቅዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የትኛውን እንደማምን አላወቅኩም። ስለዚህ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ እንደገና አነበብኳቸው። የእኔ ሥራ የተቀረጸውን ማየት ብቻ አይደለም፤ የጎደለውን ማየት ነው።

ስልክሽ ሳይወሰድ በፊት ስትደውዪልኝ ወሬሽን ሁልጊዜ የምትጀምሪው ጠዋት አባባ ትምህርት ቤት ሲያደርሱሽ መንገድ ላይ ስለጠረጠሩት ሰው ነበር። ፖስተኛውን፣ መንገድ ጠራጊዋን፣ አንዴም አህያ። በደብዳቤዎችሽ ውስጥ ግን ጠዋት የለም። ማድ ቤት አለ፣ ጓሮ አለ፣ ተከራይ አለ። ጠዋት የለም።

ጠዋት ምን ሆነ?

ጋሼ


ኅዳር 26

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይኼኛውን አልቀድም።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እንደ ልማዳችን አብረን ወጣን። ዳቦ ቤቱ ጋ፣ መንገድ ልንሻገር ስንል አባባ ቆሙ። እጄን ለቀቁና ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩኝ። በጣም ደግ ፊት ነው ያሳዩኝ፤ ለሌላ ሰው ልጅ የሚያሳዩት ዓይነት። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ የት ናት? ጠፍተሽ ነው?» አሉኝ።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። «አዎ፣ ጠፍቻለሁ» አልኳቸው እየሳቅኩ። አልሳቁም። «አይዞሽ፣ እኔ አደርስሻለሁ» ብለው እጄን ያዙ። ቤቴን ሊፈልጉልኝ ጀመሩ። በየበሩ እየቆምን «የዚህች ልጅ ቤት ነው ወይ?» እያሉ ጠየቁ። ዳቦ ሻጩን እንኳ፣ ያን የሚጠረጥሩትን ሰውዬ፣ አምነው ጠየቁት። አስብ እስቲ። እኔ ቀስ እያልኩ ወደ ቤታችን መራኋቸው። በራችን ላይ ስንደርስ «ይኸው፣ አገኘንልሽ» አሉኝና ደስ አላቸው። እኔ እየሮጥኩ ትምህርት ቤት ስደርስ አርፍጃለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ጠዋት እኔን ያውቁኛል፣ አንዳንድ ጠዋት የጠፋች ልጅ ነኝ። የጠፋሁ ቀን መጀመሪያ እሳቸው ቤት ያደርሱኛል፣ ከዚያ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። እማዬ «ፊልም ስታዪ አምሽተሽ ነው የምታረፍጂው» ስትል ዝም አልኩ። ስልኬንም በዚያ ሰበብ ወሰደችው። ትውሰደው አልኩ። ስልክ ቢወሰድ ይሻላል፣ አባባ ከሚወሰዱ።

መናኸሪያው ውሸት ነው። ይኼኛው ግን እውነት ነው፤ ውሸቱ ከእውነቱ ያነሰ ነበር። አክስቴ ካወቀች በዚያው ቀን ሻንጣውን እንደምታነሳ አውቄ ነው የደበቅኩት። አሁን አንተ እጅ ላይ ነው። ለማን እንደምትነግር አይሃለሁ።

ቆቅ


ታኅሣሥ 4

ለቆቅ፣

ለማንም አልነገርኩም። አንቺ ራስሽ ለእናትሽ እስክትነግሪያት እጠብቃለሁ። እንድትነግሪያት ግን እለምንሻለሁ፤ ልጇ የምታረፍደው በፊልም አለመሆኑን የማወቅ መብት አላት።

የአረጋውያኑን ቤት ትቼዋለሁ። የእኔ ቤት ምድር ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ደረጃ የለውም። ሥራዬን ወደ ቤት ላመጣው እችላለሁ፤ አለቃዬን ጠይቄ ፈቅዶልኛል። እዚህ ጎኔ ተቀምጠው ፊልም ስቆርጥ «ይኼ ሰውዬ አላማረኝም» ቢሉኝ ደስ ይለኛል።

ግን ይኸውልሽ። እህቶቼ ማድ ቤት ዘግተው ዶለቱ። እኔ ከሩቅ ሆኜ ዶለትኩ። አንቺ ጫማ እየጠረግሽ ዶለትሽ። ከአራታችን አንዳችንም እሳቸውን አልጠየቅንም። እኔ በስልክ ልጠይቅ ብዬ ሞከርኩ፤ ስልክ ላይ ግን ድምፄን ይጠረጥራሉ፤ «ልጄ እንዲህ አይናገርም» ብለው ዘጉብኝ።

አንቺ ጠይቂያቸው። ከእኔ ጋር መጥተው ይኖሩ እንደሆነ። ያወቁሽ ቀን ጠብቀሽ። ያሉሽን ጻፊልኝ። እምቢ ካሉ እዚያው ይኖራሉ፤ ለእህቶቼ የምመልሰው እኔ ነኝ። የምታምኚኝ ከሆነ አንቺ በምትጽፊው ቃል ነው የምሄደው፤ ሌላ ማንንም አልጠይቅም።

ጋሼ


ታኅሣሥ 14

ጋሼ፣

ለእማዬ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ቁምሳጥኑን ከፍታ ፎጣውን ፈታችና ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እስካሁን አላነሳሁትም። ይኼኛውን በእጄ ልጽፈው ብዬ ነው።

አባባን ለመጠየቅ ያልፈጠርኩት ሰበብ የለም። አንድ ቀን ዘነበ። አንድ ቀን ፈተና ነበረ። አንድ ቀን አውቀውኛል፣ ግን ደስ ብሏቸው ስለነበር ተውኩት። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ጫማቸውን ሲያስሩ «ቆቅ፣ ይኼን ክር እሰሪልኝ፣ ወገቤ እምቢ አለ» አሉኝ። በስሜ። ከዚያ በኋላ ሰበብ አልነበረኝም።

«አባባ፣ ከጋሼ ጋር ሄደው ቢኖሩስ?» አልኳቸው ክሩን እያሰርኩ።

«ማነው የላከሽ?»

«ልጅዎ ነው የላከኝ። እኔ ግን እምቢ እንዲሉ ነው የምፈልገው።»

ሳቁ። «እሱን እንኳ አውቄዋለሁ» አሉ። ሁለተኛውን ጫማ አስሬ ጨረስኩ።

«እናትሽ የት እንደምትተኛ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አልጋዋ ላይ ነዋ።»

«አይደለም። በሩ ጋ ወንበር አስጠግታ እሱ ላይ ነው የምትተኛው። እኔ ልወጣ ብነሳ ጉልበቷን እንድነካት። በማግስቱ እንቅልፏን ይዛ ሥራ ትሄዳለች። አንቺ ደግሞ በየጠዋቱ ትጠፊያለሽ» አሉ። ዓይናቸውን ከጫማቸው ላይ አላነሱም። «የማላውቅ ይመስላችኋል። የማላውቅበት ጊዜ አለ። አሁን ግን አውቃለሁ።»

የታሰረውን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

«እሄዳለሁ በይው» አሉኝ። «ነገ ብትጠይቂኝ ሌላ ነገር ልልሽ እችላለሁ። ልቆጣሽ እችላለሁ። የዛሬውን ያዢ። የዛሬውን አውቄ ነው ያልኩሽ።»

ጋሼ፣ በእኔ ቃል ነው የምሄደው ብለሃል። «እምቢ አሉ» ብዬ ብጽፍ ታምነኝ ነበር። እሁድ ቀኑን ሙሉ ወረቀቱ ፊቴ ላይ ነበር። ደግሞ መዋሸትም አያስፈልገኝም ነበር፤ በማግስቱ ደግሜ ብጠይቃቸው በቂ ነው። ሰኞ ጠዋት የጠፋች ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ ብጠይቃቸው «ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም!» ይሉኝ ነበር፤ በራሳቸው አፍ፣ በእውነት። ያንን ልጽፍልህ እችል ነበር።

ደግሜ አልጠየቅኳቸውም።

እሄዳለሁ ብለዋል። ናና ውሰዳቸው። በጠራራ ፀሐይ ና፤ እንደ ፊልም ሰው ሳትናገር እንዳትደርስ። በሩን አንኳኳ፤ ማነው ስልህ ስምህን ተናገር። የምከፍትልህ እኔ ነኝ።

የእህትህ ልጅ